ባሮ የሚወስደውና የሚሰጠው መሬት
(ከሬዲዮ ንግግር የተወሰደ)

ጋምቤላን በበጋ ያየ ሰውና በክረምት ያየ ሰው ተገናኝተው ስለ ባሮ ወንዝ ቢጫወቱ፣ ስለ አንድ ወንዝ የሚናገሩ አይመስሉም። በበጋ የሄደው ሰው ያየው፣ ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ለሁለት ከፍሎ ቀስ እያለ የሚያልፍ ውኃ ነው። በክረምት የሄደው ግን ያን አሸዋ ከቶ አላየውም፤ ያየው ከዳር እስከ ዳር የሞላ፣ መልኩ የደፈረሰ፣ ግንድና ቅጠል ይዞ የሚገሠግሥ ታላቅ ወንዝ ነው። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ይሁን እንጂ ሦስተኛ ሰው ተነሥቶ፣ «ውኃው ሲጎድል ብቅ የሚለው አሸዋ የአምናው አሸዋ ነውን?» ብሎ ቢጠይቃቸው ሁለቱም መልስ ለመስጠት መቸገራቸው አይቀርም። የዛሬው ንግግራችን የተዘጋጀው ይህን ጥያቄ ለመመለስ ነው።

መልሱን አስቀድመን በአጭሩ እንናገር። አሸዋው በአብዛኛው የአምናው አይደለም። የአምናው ወደ ታች ሄዷል፤ የዘንድሮው ከላይ መጥቶ በስፍራው ተተክቷል። እንዲሁም ጸንቶ የቆመ የሚመስለን የወንዝ ዳር መሬት ለጊዜው ዐረፍ ብሎ እንደገና የሚነሣ መንገደኛ ነው እንጂ ነዋሪ አይደለም። ይህን ማወቅ ለተማሪ ብቻ የሚጠቅም ዕውቀት አይምሰላችሁ። በወንዝ ዳር ቤት ለሚሠራ፣ የውኃ መሳቢያ ሞተር ለሚተክል፣ የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ቦታ ለሚመርጥ፣ የአሸዋ ማውጫ ፈቃድ ለሚፈርም ሠራተኛ ሁሉ የዕለት ተግባር ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ይህ አሸዋና ጭቃ ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። ባሮ የሚባለው ወንዝ የብርብርና የገባ ወንዞች ከተገናኙበት ስፍራ ይጀምራል። እነዚህ ወንዞች የወለጋንና የኢሉባቦርን ደጋ ዝናብ ሰብስበው የሚያመጡ ናቸው። የጎሬ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ፣ ጋምቤላ ግን ከ500 ሜትር ብዙ በማይርቅ ከፍታ ላይ ትገኛለች። እንግዲህ ውኃው በአንድ ቀን የመኪና መንገድ ውስጥ 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል ማለት ነው። ከዚያም ከጋምቤላ በታች መሬቱ እጅግ ለጥ ያለ ሜዳ ይሆንና ወንዙ እየተጠማዘዘ በኢታንግ በኩል ወደ ምዕራብ ይሄዳል። በመጨረሻም ከፒቦር ወንዝ ጋር ሲገናኝ ሶባት የሚል ስም አግኝቶ ከማላካል ከተማ በላይ ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል።

ውኃን እንደ አንድ ተሸካሚ ሰው አድርገን ልናስበው እንችላለን። የተሸካሚው ጉልበት የውኃው ፍጥነት ነው። ቁልቁለት ላይ ፍጥነት ስላለው ብዙ ይሸከማል፤ ሜዳ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ሸክሙን ያራግፋል። ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል የሚለው የአባቶች አነጋገር ትክክል ነው፤ ነገር ግን ወንዝ ይዞት የሚዞረው ግንድ ብቻ እንዳልሆነ እዚህ ላይ ልንጨምርበት ይገባል።

ይህ ጉልበት ከፍጥነት ጋር የሚያድግበት መጠን እጅግ የሚያስደንቅ ነው። የወራጅ ውኃ ፍጥነት እጥፍ የሆነ እንደ ሆነ፣ ሊያንከባልለው የሚችለው የድንጋይ ክብደት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ እስከ 64 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በበጋ ጠጠር ለማንቀሳቀስ የማይችል ወንዝ በክረምት ቋጥኝ ሲያንከባልል ብናይ ልንገረም አይገባም። የወንዝ ዳርን የሚለውጡት ዓመቱን ሙሉ የምናያቸው ጸጥ ያሉ ቀናት ሳይሆኑ፣ ጥቂቶቹ የሙላት ቀናት ናቸው።

ወንዙ ሸክሙን የሚያጓጉዘው በሦስት መንገድ ነው። ድንጋይና ጠጠር በወለሉ ላይ እየተንከባለሉ ይሄዳሉ። አሸዋ ጥቂት ብድግ ብሎ እንደገና እየወደቀ፣ እንደ ፌንጣ እየዘለለ ይሄዳል። የላመው አፈር ግን በውኃው ውስጥ ተንሳፎ ይጓዛል፤ ክረምት የባሮን መልክ የሚያደፈርሰውም ይኸው ነው።

ይህን ማንም ሰው በቤቱ ሊመረምረው ይችላል። ከወንዝ ዳር አንድ እፍኝ አፈር ወስዳችሁ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨምሩና አማስሉት። ማማሰሉን ስታቆሙ ወፍራሙ አሸዋ ወዲያው ይወርዳል፤ ቀጥሎ ደቃቁ ደለል ይከተላል፤ ውኃው ግን በማግሥቱም ደፍርሶ ታገኙታላችሁ። በ1 ሜትር ጥልቅ ውኃ ውስጥ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ የአሸዋ ቅንጣት ወለሉ ላይ ለመድረስ 10 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ከዚያ 50 ጊዜ የሚያንሰው የደለል ቅንጣት አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከሁሉ የላመው የሸክላ አፈር ቅንጣት ግን ሦስት ቀንና ከዚያም በላይ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ወንዙ ጥቂት ዝግ ሲል አሸዋውን ይጥላል፤ የሸክላ አፈሩን ግን ይዞት ይሄዳል። ከእኛ ደጋ የታጠበው ላመ አፈር ሶባት በሚሞላበት ጊዜ ወደ ነጭ ዓባይ ገብቶ፣ ለዚያ ወንዝ ፈዛዛ መልኩን ከሚሰጡት ነገሮች አንዱ ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። የስዊድን ተወላጅ የሆነው ፊሊፕ ዩልስትረም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935 ዓ.ም. እንዳሳየው፣ ከስፍራው ለመንቀል ከሁሉ የሚቀለው አሸዋ ነው። ጠጠር ስለሚከብድ ብርቱ ውኃ ይፈልጋል፤ የሸክላ አፈር ደግሞ ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ስለሚጣበቁ እንዲሁ ብርቱ ውኃ ይፈልጋል። አሸዋ ግን ክብደትም ማጣበቂያም የለውም። እንግዲህ ከላይ ጠንካራ ጥቁር አፈር፣ ከሥሩ አሸዋ ያለበት የወንዝ ዳር ለዓይን ጽኑ ቢመስልም፣ ውኃው ከሥር አሸዋውን እየሰረሰረ ሲወስደው ከላይ ያለው አፈር በድንገት ይናዳል።

ወደ ወንዙ መታጠፊያዎች ከመሄዳችን በፊት ግን፣ ውኃ አሸዋን በሐይቅና በባሕር ዳር እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ ጥቂት እንመልከት፤ ምክንያቱም ሕጉ ተመሳሳይ ነው። ለዕረፍት ወደ ላንጋኖ የሄደ ሰው፣ ሞገድ ወደ ዳር መጥቶ ሲሰበር አሸዋውን ሽቅብ ሲገፋና ሲመለስ ደግሞ ቁልቁል ሲጎትት አይቶ ይሆናል። ሞገዱ ወደ ዳር የሚመጣው በሰያፍ የሆነ እንደ ሆነ፣ አሸዋው በሰያፍ ይወጣና ቀጥ ብሎ ይመለሳል። ይህ በቀን ብዙ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም፣ እያንዳንዱ ቅንጣት እንደ መጋዝ ጥርስ እየተመላለሰ በዳርቻው አቅጣጫ ወደ ጎን ይጓዛል። በባሕር ዳር ብርቱ ማዕበል ሲመጣ አሸዋውን ወደ ውስጥ ወስዶ ከውኃ በታች ይከምረዋል፤ የጸጥታ ወራት ሲሆን ለዘብተኛው ሞገድ መልሶ ያወጣዋል። አንድ ሰው የራሱን ዳርቻ ለመጠበቅ ብሎ ወደ ባሕር የሚገባ ግንብ ቢሠራ፣ አሸዋው በግንቡ በአንደኛው ወገን ይከማቻል፤ በሌላው ወገን ያለው ጎረቤቱ ግን ይመጣለት የነበረውን አሸዋ ስለሚያጣ ዳርቻው ይበላበታል። ይህን ምሳሌ በልባችሁ ያዙት፤ በባሮ ዳርም ይሠራል።

በወንዝ ላይ የሞገዱን ሥራ የሚሠራው የመታጠፊያው ፍሰት ነው። ለማስረዳት አንድ ብርጭቆ ሻይ ይበቃናል። ቅጠል ያለበትን ሻይ በማንኪያ አዙራችሁ ማንኪያውን አውጡ። ቅጠሎቹ ተገፍተው ወደ ብርጭቆው ግድግዳ የሚሄዱ ይመስለን ነበር፤ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ከታች በመካከል ላይ ይሰበሰባሉ። ምክንያቱም የሚሽከረከረው ሻይ ከላይ ወደ ግድግዳው ተገፍቶ በጠርዙ በኩል ከፍ ይላል፤ በወለሉ ላይ ያለው ሻይ ግን ከወለሉ ጋር ስለሚፋተግ ፍጥነቱ ደካማ ይሆንና፣ በጠርዙ በኩል ከፍ ያለው ውኃ ተጭኖት ወደ መካከል ይመለሳል፤ ሲመለስም ቅጠሎቹን ይዞ ይሄዳል። ይህንኑ የሻይ ቅጠል ነገር ምሳሌ አድርጎ የወንዞችን መጠማዘዝ ያብራራው ታላቁ ሊቅ አልበርት አይንስታይን ነው፤ ጊዜውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1926 ዓ.ም. ነበር። የእርሱ ልጅ ሐንስ አልበርት አይንስታይን ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኖ፣ ወንዞች ደለልን የሚያጓጉዙበትን መንገድ በመመርመር ስመ ጥር ሆኗል።

ባሮ በሚታጠፍበት ስፍራም የሚሆነው ይኸው ነው። ፈጣኑ የላይኛው ውኃ ወደ ውጭው ዳር ተገፍቶ ይመታዋል፤ ዳሩንም እየበላ ጥልቅ ያደርገዋል። ዝግ ያለው የወለሉ ውኃ ደግሞ አሸዋውን እየጠረገ ወደ ውስጠኛው ዳር ያመጣና ይከምረዋል። በበጋ የምናየው ያማረ የአሸዋ ሜዳ በአብዛኛው በመታጠፊያው ውስጠኛ ወገን የሚገኘው ስለዚህ ነው። ከፊት ለፊቱ ያለው ቀጥ ያለ ገደል ደግሞ ወንዙ መሬት የሚወስድበት ወገን ነው። አንደኛው ዳር የሚያጣው ለራሱ ለፊት ለፊቱ ዳር አይሰጥም፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች ተጉዞ የሚቀጥለው መታጠፊያ ውስጠኛ ዳር ላይ ያርፋል። በዚህ ሁኔታ ወንዙ ከዓመት ወደ ዓመት መጠማዘዙን ይጨምራል። በመጨረሻም ሁለት መታጠፊያዎች ተቀራርበው፣ በአንድ የሙላት ጊዜ መካከላቸው ያለው ቀጭን መሬት ይበጠስና ወንዙ አቋርጦ ያልፋል። የተተወው መታጠፊያ እንደ ማጭድ የቆለመመ ኩሬ ሆኖ ይቀራል።

ይህ የአሸዋ ጉዞ በጋምቤላ ታሪክ ውስጥ የራሱ ስፍራ አለው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል፣ በባሮ ዳር በኢታንግ አካባቢ የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቅዶ ነበር። የቦታውም ስፋት ከ400 ሄክታር፣ በወንዙ በኩል ያለው ርዝመት ከ2,000 ሜትር እንዳይበልጥ በውሉ ተጽፏል። ቆየት ብሎ ጣቢያው በጋምቤላ ተቋቋመ። የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና በበቅሎ እየተጫነ ወደዚህ ይወርድና በመርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። ጉዞው ቁልቁል 7 ቀን ያህል፣ ሽቅብ 11 ቀን ያህል ይፈጅ ነበር። መርከቦቹ ግን የሚመጡት በክረምት ብቻ ነበር፤ በበጋ የውኃው ማነስና የአሸዋው ክምር መንገዱን ይዘጋዋል። ጣቢያው በ1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመልሷል፤ የመርከቡም ንግድ ከጊዜ በኋላ ቀርቷል። እንግዲህ ውሉን የጻፉት መንግሥታት ርዝመቱን በሜትር ለመለካት ቢችሉም፣ የመርከቡን የጊዜ ሰሌዳ የወሰነው ወንዙና አሸዋው ነበር።

ባሮ የሚወስድ ብቻ ሳይሆን የሚሰጥም ነው። ሙላቱ ሲመለስ በዳርቻው ላይ የሚተወው ላመ ደለል ለም ነው። የአኝዋሃ ገበሬዎች ውኃው በሸሸበት እርጥብ ዳር ላይ በቆሎ ይዘራሉ፤ የኑዌር ከብት አርቢዎችም በበጋ ከብቶቻቸውን ወደ ወንዙ ያወርዳሉ። እነዚህ ሰዎች ወንዙን የሚያውቁት በወራቱ ነው፤ መቼ እንደሚቀርቡትና መቼ እንደሚርቁት ከአባቶቻቸው ተምረዋል። ችግር የሚመጣው፣ ዓመቱን ሙሉ ከስፍራው የማይነቃነቅ ሕንፃ በዚህ መንገደኛ መሬት ላይ ሲተከል ነው። በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ባሮ ሞልቶ ጋምቤላ ከተማንና በዙሪያው ያሉትን ወረዳዎች ባጥለቀለቀ ጊዜ፣ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል።

ስለ ሙላት ስናነሣ አንድ አደገኛ ስሕተት እንጠቁም። ብዙ ሰው ውኃው መጉደል ሲጀምር ክፉው ቀን አለፈ ብሎ ወደ ወንዙ ዳር ይመለሳል። ነገር ግን የወንዝ ዳር በብዛት የሚናደው ውኃው በሚጎድልበት ጊዜ ነው። ወንዙ ሞልቶ ሳለ ውኃው ራሱ ዳሩን ደግፎ ይይዘዋል፤ አፈሩም እስኪጠግብ ድረስ ውኃ ይጠጣል። ወንዙ በፍጥነት ሲወርድ ድጋፉ ይነሣል፤ ውኃ የጠጣው ከባድ አፈር ግን ባለበት ይቀራል። በዚያን ጊዜ ሥሩ የተሰረሰረው ዳር በራሱ ክብደት ይወድቃል። ስለዚህ ከሙላት በኋላ ያሉትን ሳምንታት ከሙላቱ ባላነሰ ጥንቃቄ ማሳለፍ ይገባል።

እንግዲህ ጉዳዩ በጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ምን ማድረግ ይገባል? በመጀመሪያ፣ ቦታ የሚመረጠው በበጋ ብቻ ታይቶ አይሁን። በጥር ወር የሄደ መሐንዲስ የሚያየው ደረቅ፣ ሜዳ፣ ለውኃ ቅርብ የሆነ ያማረ ቦታ ነው፤ ያ ቦታ ግን በነሐሴ የወንዙ ወለል ሊሆን ይችላል። በእጃችን ያለው ካርታም ወንዙ በተለካበት ዓመት የነበረበትን መልክ የሚያሳይ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። የአካባቢውን አዛውንትና ዓሣ አጥማጆች፣ ወንዙ ቀድሞ በየት በኩል ያልፍ እንደ ነበር መጠየቅ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ሁለተኛ፣ ዳሩ የመታጠፊያው ውጭ ወይም ውስጥ መሆኑ ይመርመር። ገደሉ ቀጥ ያለ ከሆነ፣ ዛፎቹ ወደ ውኃው ካዘነበሉ፣ ከዳሩ ትይዩ የሆነ ስንጥቅ በመሬቱ ላይ ከታየ፣ ወንዙ ያን ስፍራ እየወሰደ ነው። በውስጠኛው ዳር ላይ ደግሞ የውኃ መሳቢያ ሞተር የተከለ ሰው፣ አሸዋው ተከምሮበት ውኃው ከዓመት ወደ ዓመት ሲርቀው ያያል።

ሦስተኛ፣ በዳሩ ላይ ያሉ ዛፎችና ሣሮች አይቆረጡ፤ ሥራቸው አፈሩን እንደ መረብ ይይዘዋልና። በደጋው ያለው ደንም እንዲሁ ነው፤ በኢሉባቦር ተራራ ላይ ዛፍ የቆረጠ ሰው፣ ሳያውቀው በጋምቤላ ያለውን የወንዝ ወለል በደለል ይሞላል።

አራተኛ፣ አሸዋ ለግንባታ የሚወጣበት ስፍራና መጠን በጥንቃቄ ይወሰን። አሸዋውን ወንዙ ይተካዋል የሚለው አነጋገር እውነትነት አለው፤ ነገር ግን የሚተካው ከሌላ ቦታ ወስዶ ነው። ከወንዙ ወለል ጉድጓድ የወጣ እንደ ሆነ፣ ውኃው ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ፍጥነት ስለሚያገኝ የጉድጓዱን አፍ እየበላ ወደ ላይ ይሄዳል። በላይ በኩል ድልድይ ካለ፣ የምሰሶዎቹ መሠረት ሊራቆት ይችላል። አሸዋውን ጉድጓዱ ውስጥ ያራገፈው ውኃ ደግሞ ሸክም አልባ ሆኖ ወደ ታች ሲሄድ አዲስ ሸክም ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም ከታች ካለው ዳር ነው። ይህ በግድብ ላይም ይሠራል። ደለሉ በሐይቁ ውስጥ ሲቀር፣ ከግድቡ በታች የሚወጣው ንጹሕ ውኃ ወለሉንና ዳሩን ለመብላት የበለጠ ጉልበት ይኖረዋል።

አምስተኛ፣ ዳርን በድንጋይ ለመጠበቅ ሲታሰብ ያን የባሕሩን ግንብ ምሳሌ ማስታወስ ያሻል። የተከለከለው ውኃ ጉልበቱን ይዞ ወደሚቀጥለው ዳር ያልፋል። ስለዚህ የአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ብቻ ታስቦ የሚሠራ ሥራ ከበታቹ ያለውን የገበሬ ማሳ እንዳይጎዳ፣ ወንዙን ከላይ እስከ ታች አንድ አድርጎ መመልከት ያስፈልጋል።

የተከበራችሁ አንባቢዎች! ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። የባሮ ዳር በአንድ ዓመት የሚያጣው መሬት ምናልባት ጥቂት እርምጃ ነው፤ ጥቂት በመሆኑም ማንም ልብ አይለውም። አንድ ትምህርት ቤት ግን የሚሠራው ለአንድ ዓመት ሳይሆን ለልጅ ልጅ ነው። ስለዚህ በወንዝ ዳር ስለሚሠራ ማናቸውም ሥራ አንድ ማመልከቻ ወደ እጃችሁ በደረሰ ጊዜ፣ ከገንዘቡና ከሥራ ተቋራጩ ጥያቄ በፊት፣ «ይህ መሬት ወንዙ የሚወስደው ነው ወይስ የሚሰጠው?» የሚለው ጥያቄ በፋይሉ ላይ እንዲጻፍና መልስ እንዲያገኝ አድርጉ።